ያልታረሰው መሬት፦ እምነትና ሐውልት የምዕራብ ጎጃምን መልክዐ ምድር እንዴት እንደቀረጹ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያመራው አውራ ጎዳና ደምበጫን ካለፈ በኋላ ጂጋን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ማንኩሳንና ቡሬን እያቋረጠ ይሄዳል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው ምድር ከሞላ ጎደል የታረሰ ነው። እንደ ወቅቱና እንደ ከፍታው በቆሎ፣ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ዳጉሳ፣ ኑግና በርበሬ ይፈራረቁበታል። በዚህ የእርሻ ስፋት መካከል በየተወሰነ ርቀት፣ አብዛኛውን ጊዜ በኮረብታ አናት ላይ፣ ጥቅጥቅ ያለ የዛፍ ስብስብ ክብ ሠርቶ ይታያል። ከዛፎቹ በላይ ብቅ የሚለው ጉልላት የቦታውን ምንነት ይናገራል፤ ቤተ ክርስቲያን ነው።

መንገደኛው ይህን እይታ የተፈጥሮ ስጦታ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ይሁንና ዛፎቹ ሌላው ሁሉ ሲመነጠር የቀሩት ሰዎች እንዲቀሩ ስለወሰኑ ነው። እንዲህ ያለውን የሰው እምነት፣ ልማድና ሥራ ከተፈጥሮ ጋር ተጣምሮ የቀረጸውን ምድር የቅርስ ባለሙያዎች ባህላዊ መልክዐ ምድር ይሉታል። በኢትዮጵያ የኮንሶ ባህላዊ መልክዐ ምድር በ2003 ዓ.ም.፣ የጌዴኦ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። የምዕራብ ጎጃም ገጠር በዚህ መዝገብ ላይ ባይገኝም ነገሩን ለመረዳት ከሁለቱ የማያንስ አስተማሪ ቦታ ነው። እዚህ ምድሩን የቀረጸው እርከን ወይም የድንጋይ ካብ ሳይሆን «ይህ አይታረስም» የሚል ክልከላ ነውና።

ደብርና አድባር

የቋንቋው ምስክርነት ከሁሉ ይቀድማል። «ደብር» በግእዝ ተራራ ማለት ነው። በአማርኛ ግን ቃሉ በመጀመሪያ የሚያስታውሰው ቤተ ክርስቲያንን ነው። የቃሉ ብዙ ቁጥር «አድባር» ሲሆን፣ በገጠሩ ሕዝብ አነጋገር አድባር ማለት የቦታው ጠባቂ መንፈስ፣ እንዲሁም ያ መንፈስ ያድርበታል ተብሎ የሚታመነው ትልቅ ዛፍ ወይም ኮረብታ ነው። በዋርካ ወይም በሾላ ሥር ቡና አፍልቶ፣ ግንዱን ቅቤ ቀብቶ ለአካባቢው ሰላምና ለከብቱ ርቢ መለመን በብዙ የኢትዮጵያ ደጋ አካባቢዎች የነበረ ልማድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን ልማድ ስታወግዝ ኖራለች። እንዲያም ሆኖ አንድ ሥር ያለው ቃል ለሁለቱም ማገልገሉ፣ ከፍ ያለና ዛፍ የለበሰ ቦታ የተለየ ክብር ይገባዋል የሚለው አስተሳሰብ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ያሳያል።

ከደብሩ ውጭ የሚገኘው ዋርካም ቢሆን ሥራ አላጣም። የቀበሌ ስብሰባ፣ የዕርቅ ሽምግልና፣ አንዳንድ ጊዜም ገበያ የሚካሄደው በጥላው ሥር ነው። ሽማግሌ የተቀመጠበትንና ደም የደረቀበትን ዛፍ ለማገዶ መቁረጥ በሰው ዘንድ ያስነውራል።

የቅጽሩ አሠራር

የአካባቢው ነባር ቤተ ክርስቲያን ክብ ቅርጽ አለው። ከውስጥ ወደ ውጭ ሲቆጠር መጀመሪያ ታቦቱ የሚያርፍበት መቅደስ፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ ከዚያም ካህናቱና ደብተራዎቹ የሚዘምሩበት ቅኔ ማሕሌት ይገኛል። ከሕንጻው ውጭ ዐውደ ምሕረት፣ ዕቃ ቤትና ቤተልሔም አሉ። ከእነርሱ አልፎ የዛፉ ክልልና መካነ መቃብሩ ይቀጥላል፤ በመጨረሻም ቅጽሩና ደጀ ሰላሙ አሉ። የቅድስና ደረጃ ከመካከል ወደ ዳር እየቀነሰ የሚሄድበት ይህ ሥርዓት ሕንጻው ላይ አያበቃም፤ ደኑም የሥርዓቱ አንድ ቀለበት ነው። ምእመኑ ከደጀ ሰላሙ ሲደርስ ይሳለማል፤ ጫማውን የሚያወልቀው ግን ወደ ሕንጻው ሲገባ ነው። ዛፎቹ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚታለፉ መሸጋገሪያ ናቸው።

በዚህ ክልል ውስጥ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ሰሳ፣ ብርብራ፣ ጥቁር እንጨት፣ ዶቅማና አጋም እንደየከፍታው ይገኛሉ። ዛፎቹ ፈጽሞ አይነኩም ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። ለቤተ ክርስቲያኑ በርና ምሰሶ ጽድና ዝግባ ይቆረጣል፤ ከበሮ ከዋንዛ ግንድ ይፈለፈላል፤ የደረቀ እንጨት ለሰንበቴ ድግስ ይውላል፤ በአንዳንድ ደብር ቅጽር ውስጥ ለጠላው የሚሆን ጌሾ ይተከላል። ክልከላው በግል ጥቅም ላይ ነው። የደብሩን ዛፍ ለቤቱ የቆረጠ ሰው ከካህናቱ ግዝት ይጠብቀዋል፤ ከግዝቱም በላይ የጎረቤቱን ዓይን ይፈራል።

የቅጽሩ ነዋሪዎችም ሊዘነጉ አይገባም። የጎጃም የቅኔ ጉባኤያት፣ በተለይ ዋሸራና ጎንጅ፣ በመላው ኢትዮጵያ የታወቁ ናቸው። የአብነት ተማሪው በደብሩ ዙሪያ በሠራት ጎጆ አድሮ፣ ቀን በዛፍ ጥላ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን የጀመሩት ከማንኩሳ ነው፤ ዋናው ባለታሪክ በዛብህም ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ልጅ ነው። ልብ ወለድ ቢሆንም፣ ስእለትና ደብር የአንድን ሰው ዕድሜ እንዴት እንደሚወስኑ ለማሳየት ደራሲው ከዚህ ምድር የተሻለ መነሻ ባላገኙም ነበር።

ግሽ ዓባይ

የእምነትና የመልክዐ ምድር ግንኙነት በጽሑፍ ማስረጃ ጭምር ከሚታወቅባቸው ቦታዎች ቀዳሚው በሰቀላ ወረዳ በግሽ ተራራ ግርጌ የሚገኘው የግልገል ዓባይ ምንጭ ነው። ውኃው ከዚህ ተነሥቶ ወደ ሰሜን በመፍሰስ ጣና ሐይቅ ይገባል። በኢትዮጵያ ትውፊት ዓባይ በኦሪት ዘፍጥረት ከገነት ወጡ ከተባሉት አራት ወንዞች አንዱ የሆነው ግዮን ነው። ምንጩም በዚሁ ምክንያት ይከበራል።

ፖርቱጋሎችን ተከትሎ የመጣው ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ ቦታውን ያየው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1618 ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከ152 ዓመት በኋላ፣ በ1763 ዓ.ም. ደረሰና ምንጩን ያገኘሁት የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ ለማለት ሞከረ። ክርክሩ ለአውሮፓውያን ክብር ትልቅ ጉዳይ ነበር። ለግሽ ነዋሪ ግን ምንጩ ጠፍቶ አያውቅም። ከክርክሩ ይልቅ የሚጠቅመው ሁለቱም በዓይናቸው አይተው የጻፉት ነው። ብሩስ ረግረጋማ በሆነው መስክ መካከል በሣርና በአፈር ተደልድሎ እንደ መሠዊያ የተሠራ ከፍታ ማየቱን፣ የአካባቢው አገዎች ወደ ምንጩ ሲቀርብ ጫማውን እንዲያወልቅ ማስገደዳቸውን፣ በየዓመቱም በተወሰነ ጊዜ ጊደር ይታረድ እንደነበር ዘግቧል። በአቅራቢያው ባለው ኮረብታ ላይ ደግሞ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ሁለቱ የእምነት ሥርዓቶች ጎን ለጎን በአንድ ቦታ ላይ ይታዩ ነበር ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ደግሞ ቦታው ከአቡነ ዘርዐ ብሩክ ጋር የተያያዘ ነው። ጻድቁ ወደ እስር ሲወሰዱ መጻሕፍታቸውን ለውኃው አደራ ሰጡ፤ ሲመለሱም ምንጩ መጻሕፍቱን ሳይረጥቡ መለሰላቸው ይባላል። ዛሬ በስማቸው የተሠራ ቤተ ክርስቲያን በቦታው ይገኛል፤ የዕረፍታቸው መታሰቢያ በሚውልበት በጥር 13 ቀን ብዙ ምእመናን ይሰበሰባሉ። ለጸበል የሚመጣ ሰው በባዶ እግሩ፣ እህል ሳይቀምስ ይቀርባል። ብሩስ ጫማውን ባወለቀበት ቦታ ዛሬም ጫማ ይወልቃል። የሚሰጠው ምክንያት ተለውጧል፤ የአቀራረቡ ሥርዓት ግን ጸንቷል። መሥዋዕቱ ቀርቶ ጸበሉ ሲተካ የምንጩ ዙሪያ ሳይታረስ መቆየቱ ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ቁም ነገር ነው፤ የውኃ ምንጭ እስከ አፉ ድረስ ሲታረስ ምን እንደሚሆን ማንኛውም የአካባቢው ገበሬ ያውቃልና።

የጥምቀት ሜዳ

ክልከላው ሁልጊዜ ደን አይወልድም። በጥር 10 ቀን ታቦታቱ ከየደብሩ ወጥተው በወንዝ ዳር ወይም በተከተረ ውኃ አጠገብ በድንኳን ያድራሉ፤ በማግሥቱ ይመለሳሉ። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ተመዝግቧል። ለዚህ ሁለት ቀን ሲባል እያንዳንዱ ከተማና ብዙ የገጠር ደብር አንድ ሜዳ ሳያርስና ቤት ሳይሠራበት ዓመቱን ሙሉ ያቆያል። ሜዳው በቀሪው ጊዜ ከብት ይግጥበታል፤ ልጆች ይጫወቱበታል፤ ለቅሶ ይወጣበታል። ታቦቱ በየዓመቱ የሚሄድበት መንገድም እንዲሁ ተከብሮ ይኖራል፤ ከተሞች ሲስፋፉ ይህን መንገድ አጥብቦ መሥራት ከፍተኛ ተቃውሞ ያስነሣል። የከተማ ፕላን ባልነበረበት ዘመን ክፍት ቦታን ያስጠበቀው ይህ ሥርዓት መሆኑን ማስታወስ ለዛሬው ፕላን ሠሪም ይጠቅማል።

ስምና መንገድ

እምነትና ታሪክ በምድር ላይ ከሚተዉት አሻራ ቀላሉና ዘላቂው ስም ነው። የቀድሞው መንቆረር በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ለቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሲባል ደብረ ማርቆስ ተባለ። ፍኖተ ሰላምም ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር። የአሁኑ ስሟ በግእዝ «የሰላም መንገድ» ማለት ሲሆን፣ ስሙን ያወጡላት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እንደሆኑ ይነገራል። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው በበላያ አድርገው ወደ ጎጃም ገቡ። የጣሊያን ጦር በየካቲት ወር መጨረሻ ቡሬን ለቅቆ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። እርሳቸውም በቡሬ ከቆዩ በኋላ በዚሁ መስመር ተጉዘው በመጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ገቡ። ድሉን የሚያስታውስ ድንጋይ በሌለበትም ቦታ የከተማዋ ስም የመታሰቢያ ሐውልት ሆኖ ያገለግላል።

ደኑ ለምን ይተካል፣ ለምንስ አይተካም

ስለ ቤተ ክርስቲያን ደኖች እጅግ የታወቀው ሳይንሳዊ ሥራ የኢትዮጵያዊው የደን ሥነ ምኅዳር ተመራማሪ የዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ነው። ጥናቱ የተካሄደው ከጎጃም ማዶ በደቡብ ጎንደር ቢሆንም፣ የአየር ጠባዩ፣ የእርሻው ዘይቤና የደብሩ ሥርዓት ስለሚመሳሰል ግኝቱ ለምዕራብ ጎጃምም ትርጉም አለው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 በታተመው ሥራ በ28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። አብዛኞቹ ደኖች የጥቂት ሄክታር ስፋት ብቻ እንዳላቸው ስናስብ ቁጥሩ የሚያስገርም ነው።

ከዝርያዎቹ ብዛት የበለጠ ሊታሰብበት የሚገባው ሌላ ግኝት ነው። አፈሩ ተወስዶ በውስጡ ያለው ዘር ሲፈተሽ የሣርና የአረም ዘር በብዛት ሲገኝ፣ የአብዛኞቹ ትልልቅ አገር በቀል ዛፎች ዘር ግን በአፈሩ ውስጥ አልተገኘም። እነዚህ ዛፎች ዘራቸውን በመሬት ውስጥ ለዓመታት አያስቀምጡም። ስለዚህ እናት ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ቦታውን አጥሮ መጠበቅ ብቻውን ደኑን አይመልሰውም፤ ዘሩ ከሌላ ደን በወፍ፣ በዝንጀሮ ወይም በሰው እጅ መምጣት አለበት። በመካከል ያለው እርሻ እየሰፋ፣ ደኖቹም እርስ በርሳቸው እየተራራቁ በሄዱ ቁጥር ይህ ዕድል ይጠባል። አንድ ደብር ያጣውን ዝግባ ጎረቤቱ ደብር ካልሰጠው ከየትም አያገኘውም።

ወደ ደኑ የሚገቡ ከብቶችም የበቀለውን ችግኝ ይበላሉ፣ ይረግጣሉ። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ስለሚታዩ ደኑ ጤነኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ተተኪ የለውም። ለዚህ በደቡብ ጎንደር የተሞከረው መፍትሔ ቀላል ነው። ገበሬዎች ከማሳቸው የለቀሙትን ድንጋይ አምጥተው በደኑ ዙሪያ ካብ ይክባሉ። ማሳው ከድንጋይ ይጸዳል፤ ደኑ ከከብት ይጠበቃል። ካቡ ከነባሩ የዛፍ ዳርቻ ጥቂት ሜትሮች ወጣ ብሎ ሲሠራ ደግሞ ችግኙ ወደ ውጭ የሚሰፋበት ቦታ ያገኛል። ነባሩ የቅጽር ሐሳብ ራሱ ስለሆነም ሕዝቡን ለማሳመን ብዙ ንግግር አላስፈለገውም።

ባሕር ዛፍና ስሚንቶ

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ቤተ ክርስቲያን ከቅጽሯ ውጭ የነበራትን የሰሞን መሬት አጣች። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲደረግም እርሻው እንደገና ተከፋፈለ። ቅጽሩ በሁለቱም ጊዜ ቅጽር ሆኖ ቀረ። ይሁን እንጂ የደብሩ ገቢ በመቀነሱ ካህናቱ ሌላ የገቢ ምንጭ ፈለጉ፤ ያገኙትም ባሕር ዛፍ ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓመታት፣ ወደ አዲስ አበባ የገባው ይህ ዛፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለሽያጭ ይደርሳል። ዛሬ በብዙ ደብሮች ዳርቻ፣ አንዳንዴም አገር በቀሉ ዛፍ በወደቀበት ክፍት ቦታ ላይ ተተክሎ ይገኛል። ከሩቅ ሲታይ ደኑ የሰፋ ይመስላል። ገቢው ለደብሩ ጣሪያና ለካህናቱ ኑሮ እንደሚያስፈልግ አይካድም። ቢሆንም በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ጽድና ወይራ በቀላሉ አይበቅሉም፤ ስለዚህ የሚተከልበት ቦታ ከነባሩ ደን ውጭ ቢሆን ይመረጣል።

ሁለተኛው ለውጥ ከመቃብር ጋር የተያያዘ ነው። ቀድሞ በደብሩ ዛፎች መካከል የተቀበረ ሰው ምልክቱ የድንጋይ ክምር ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ሣርና ሥር ይሸፍነዋል፤ ቦታውም ለደኑ ይመለሳል። አሁን በስሚንቶና በሴራሚክ የተሠራ፣ የሟቹ ፎቶግራፍ የተለጠፈበት ሐውልት ማቆም የክብር መለኪያ ሆኗል። ሐውልቱ የያዘው ቦታ ለዛፍ አይመለስም። የሟች ቤተሰብ ይህን የሚያደርገው ከፍቅር ነውና ጉዳዩ በትእዛዝ የሚፈታ አይደለም። በሐውልቱ ፋንታ አገር በቀል ዛፍ ተክሎ መንከባከብ፣ ወይም ለሐውልት የተለየ ክልል መወሰን ሰበካ ጉባኤያት ከምእመናን ጋር ሊመክሩበት የሚችሉት አማራጭ ነው።

ክቡን ሕንጻ አፍርሶ ሰፊ የብሎኬት ቤተ ክርስቲያን መሥራትም እየተለመደ መጥቷል። በዚህ ረገድ ሕጉ ግልጽ ነው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን በይዞታው ሥር ያደረገ ሁሉ የመጠበቅና የመንከባከብ ግዴታ አለበት፤ በቅርስ ላይ የጥገናና የእንክብካቤ ሥራ የሚካሄደውም አስቀድሞ የሚመለከተው የቅርስ ባለሥልጣን ሲፈቅድ ነው። ስለዚህ ነባር ሥዕል፣ የእንጨት ሥራ ወይም ግድግዳ ያለበት ደብር ግንባታ ከመጀመሩ በፊት የወረዳውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማማከር ይኖርበታል። በቁፋሮ ጊዜ በአጋጣሚ የሚገኝ ጥንታዊ ዕቃም ለዚሁ አካል ይገለጻል።

ለጎብኚዎች

ወደ ግሽ ዓባይ ለመሄድ ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ከምትገኘው ከቲሊሊ ወደ ሰቀላ የሚገነጠለውን መንገድ መያዝ ይቻላል። በክረምት መስኩ ረግረግ ስለሚሆን ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል። ከዋናው መንገድ አጠገብ የሚገኙ ደብሮችን ለማየት የሚፈልግ ሰው ከደጀ ሰላም ሲደርስ አስተዳዳሪውን ወይም ቄሰ ገበዙን ያስፈቅዳል። ቅዳሴ በሚካሄድበት ሰዓት ፎቶግራፍ አይነሣም። ከቅጽሩ ውስጥ ችግኝ፣ ዘርም ሆነ ቅጠል ያለፈቃድ አይወሰድም፤ ለተከላ የሚሆን የአገር በቀል ዛፍ ዘር የሚፈልግ ግን ከደብሩ ጋር ተነጋግሮ በፍሬው ወቅት ከመሬት የወደቀውን መልቀም ይችላል።